ነጎድጓድም ተራውን ይጠብቅ

ባለፈው እትማችን «አምላክ በነጥብ አይለካም» በሚል ርዕስ የወጣውን ጽሑፍ ብዙዎቻችሁ አንብባችሁታል። ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቶ ወረቀቱ በታጠፈበት በኩል እስኪቀደድ ድረስ ተነቧል። የጸሐፊው የወንድማችን ብዕር ስል ነው፤ አማርኛውም ያምራል፤ ይህን ማንም አይክድም። ክርክሩ ግን ከሥር ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው። ስሕተቱም በዝምታ የሚታለፍ ዓይነት አይደለም። በሚመጣው ቅዳሜ ጨዋታው አዲስ ዙር ሊጀምር ነው፤ በየትኛው ደንብ እንደሚካሄድ ግን ገና አልተወሰነም። ዝምታ እንደ ስምምነት እንዳይቆጠር መልስ መስጠት ግድ ሆኗል።

በመጀመሪያ ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢያን በአጭሩ እናስረዳ። ጨዋታው በጋራ የሚፈጠር ተረት ነው። ስምንት ያህል ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ የፈጠራ አምላክ ቦታ ይይዛል፤ አንዱ የነጎድጓድ፣ አንዷ የጨው፣ ሌላው የመንገድ፣ ሌላዋ የእንቅልፍ። በመካከላቸው በካርቶን ላይ የተነደፈ ባዶ ካርታ ይዘረጋል። ከዚያ በኋላ ተራ በተራ አንዱ ተራራ ያነሣል፣ አንዱ ወንዝ ይሰዳል፣ ሌላው ሕዝብ ፈጥሮ ቋንቋና ልማድ ይሰጠዋል። የተባለው ሁሉ በደብተር ይጻፋል። በደብተሩ የሰፈረ ነገር በዚያ ዓለም ሆኗል ማለት ነው፤ ያልሰፈረ ግን አልሆነም።

«አምላክ» የሚለው ቃል አንዳንድ አባቶቻችንንና እናቶቻችንን ቅር እንዳሰኘ ሰምተናል። የሚጫወቱት ልጆች እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ዓርብ መስጊድ የሚሄዱ ናቸው። በጨዋታው ውስጥ ስግደት የለም፣ ጸሎትም የለም። እነዚህ አማልክት በተረታችን ውስጥ እንደሚናገሩት አንበሳና ጦጣ ያሉ የወሬ ፍጥረቶች ናቸው። ቃሉ የከበደው ሰው «ባለኃይል» ብሎ ቢያነብበው ክርክራችን አይለወጥም።

አሁን ወደ ጉዳዩ እንግባ። ያለፈው ዙር በአሥራ አንደኛው ምሽት ተበተነ። ሲጀመር ስምንት የነበሩት ተጫዋቾች ሲያበቃ ሦስት ሆነው ነበር። ለምን? አንዲት እኅታችን በአምስተኛው ምሽት ወደ ጨዋታው ገባች። የጨው አምላክነትን ወስዳ በካርታው ጥግ አንዲት ትንሽ ደሴት ሠራች። በደሴቲቱ ላይ ጨው የሚነግዱ ሰዎች አሰፈረች። ቁጥራቸውን በጣት አንጓ የሚቆጥሩ፣ እንግዳ ሲመጣ በር ላይ ጨው የሚበትኑ፣ የሙታናቸውን ስም ለልጅ እንጂ ለድንጋይ የማይሰጡ ሰዎች። ሦስት ገጽ ሙሉ ጻፈችላቸው። በዘጠነኛው ምሽት የውሃ ተራዋ ደርሶ ቀረች። በዚያው ምሽት የነጎድጓዱ አምላክ «ደሴቲቱ በማዕበል ሰጠመች» ብሎ በአንድ መስመር አስጻፈ። በማግሥቱ መጥታ ደብተሩን አነበበች። ምንም አልተናገረችም፤ ከዚያ በኋላ ግን አልመጣችም። በእሷ ተከትለው ባለመንገዱም ባለእንቅልፏም ቀሩ።

ባለነጎድጓዱና የባለፈው ጽሑፍ ደራሲ አንድ ሰው መሆናቸውን ሁላችን እናውቃለን፤ እሱም አልደበቀውም። «ደሴት መስጠም የተረት ወግ ነው» ሲል ይከራከራል። እውነት ነው፤ ደሴት ይሰጥማል፣ ከተማ ይቃጠላል፣ መንግሥት ይወድቃል፤ እነዚህ ከሌሉ ተረቱም የለም። ጥያቄያችን ደሴቲቱ ለምን ሰጠመች የሚል አይደለም። ሦስት ገጽ የተጻፈለትን ሕዝብ በአንድ መስመር ለማጥፋት ምን ተከፈለ? ባለቤቲቱስ መልስ የመስጠት ዕድል አግኝታለች ወይ? የሚል ነው። ለሁለቱም ጥያቄዎች የወንድማችን ጽሑፍ መልስ የለውም። በምትኩ አራት መከራከሪያዎች አቅርቧል። አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛው መከራከሪያ፦ «ልክ የተበጀለት አምላክ አምላክ መሆኑ ይቀራል» የሚል ነው።

ይህን የሚል ሰው የጥንት ሕዝቦችን ተረት በደንብ አልመረመረም። የግሪኮችን ተረት እንውሰድ። በሆሜር «ኢሊያድ» እንደተነገረው ሦስቱ ወንድማማች አማልክት ዓለሙን የተከፋፈሉት በዕጣ ነው። ለዜውስ ሰማይ፣ ለፖሴይዶን ባሕር፣ ለሐዴስ የጨለማው የሙታን ዓለም ወጣ። ምድርና የኦሊምፐስ ተራራ ግን የሦስቱም የጋራ ሆኑ። ዜውስ ፖሴይዶንን ከጦርነቱ ውጣ ብሎ ባዘዘው ጊዜ የባሕሩ አምላክ የተከራከረው በዚሁ ድርሻ ነበር፤ የዕጣህን ይዘህ ተቀመጥ የሚል ነበር መልሱ። በመጨረሻ እያጉረመረመ ቢታዘዝም ባሕሩን አላስረከበም። እንግዲህ ነጎድጓድ የጨበጠው ዜውስ እንኳ የወንድሙን ድርሻ ያውቅ ከነበረ የእኛ ሠፈር ነጎድጓድ ከማን በልጦ ነው?

የሰሜን አውሮፓውያንም አማልክት እንዲሁ ናቸው። ኦዲን ጥበብ ለመጠጣት አንድ ዓይኑን ከፍሏል። ቲር ያን አስፈሪ ተኩላ ለማሰር እጁን አጥቷል። ሁሉ ነገር እንዳይጎዳው ቃል የገባለት ባልደር አንዲት የተረሳች ቅጠል ገደለችው። እነዚህን ተረቶች እስከ ዛሬ የሚነገሩ ያደረጋቸው የአማልክቱ ጡንቻ አይደለም፤ ዋጋ መክፈላቸውና ጉድለታቸው ነው። ሁሉን የሚችል ባለታሪክ ምንም የሚደርስበት ነገር ስለሌለ ስለ እሱ የሚተረክም ነገር የለም። «ፈለገ፣ ሆነ፣ አለቀ።» ይህ ተረት ነው ወይስ ማስታወቂያ?

ሁለተኛው መከራከሪያ፦ «ቁጥር ምናብን ይገድላል» የሚለው ነው።

በአንደበቱ ላይ ልክ የሌለበት ሰው ባለ ምናብ ነው ከተባለ ሰካራም ሁሉ ባለቅኔ በሆነ ነበር። የቅኔ ተማሪ በሁለት ስንኝ ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ቤቱ መምታት አለበት፣ ልኩም መጠበቅ አለበት፤ በዚያች ጠባብ ቦታ ነው ሰምና ወርቅ የሚያስማማው። ማንም ሰው ልኩ ቅኔን ገደለ ብሎ ሲያማርር አልሰማንም።

ሆኖም ወንድማችን እዚህ ላይ ያነሣው ነገር በቀላሉ የሚጣል ስላልሆነ ከውጭ አገር የጨዋታ ታሪክ አንድ እውነተኛ ምሳሌ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1974 ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን «ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን ጨዋታ አሳተሙ። ተጫዋቾች የጀግና ቦታ ይዘው፣ አንድ የጨዋታ መሪ ዓለሙን እየነገራቸው የሚጫወቱት ነው። ብዙም ሳይቆይ ችግር ተፈጠረ። አንዳንድ መሪዎች ኃይልንና ሀብትን እንደ ንፍሮ እየዘገኑ ማደል ጀመሩ። በ1976 ሮበርት ከንትዝና ጄምስ ዋርድ የልዩ ልዩ ሕዝቦችን አማልክት ጉልበት በቁጥር የሚያስቀምጥ መጽሐፍ አወጡ። አዘጋጁ ቲም ካስክ በመቅድሙ ላይ ያለ ልክ የሚያድሉትን መሪዎች ወቀሰ። የአማልክት አባት የተባለው ኦዲን 300 የሕይወት ነጥብ ሲኖረው፣ አርባ አራተኛ ደረጃ ላይ ደርሻለሁ የሚል ጀግና እንዴት ከቁም ነገር ይቆጠራል የሚል ነበር ሐሳቡ። የታሰበው ተጫዋቾቹ በአማልክቱ ፊት ልካቸውን እንዲያውቁ ነበር። ነገር ግን የሆነው ተቃራኒው ነው። በ1980 ሰፋ ብሎ «ዲቲስ ኤንድ ዴሚጎድስ» በሚል ስም መጽሐፉ እንደገና ሲቀርብ ብዙ ተጫዋቾች የአማልክቱን ዝርዝር እንደ አደን መዝገብ አነበቡት። ቁጥር የተሰጠው ነገር ሁሉ ተቀንሶ ዜሮ ሊሆን ይችላልና ኦዲንን ገድለን ጦሩን ወሰድን የሚሉ በዙ።

«ያው ቁጥሩ አበላሸው!» ይለን ይሆናል ወንድማችን። አንቸኩል። የተለካው ምን ነበር? የተለካው የአምላኩ ጡንቻ ነበር። የተጫዋቹ ድርሻ ግን አልተለካም። እነዚህ ሁለቱ ለየቅል ናቸው፤ የባለፈው ጽሑፍ ስሕተትም ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየቱ ነው። የአምላክን ጡንቻ ብትለካ ሰው ሁሉ ያንን ጡንቻ ለመብለጥ ይነሣል። የተጫዋቹን ድርሻ ብትለካ ግን ሰው ሁሉ የሚናገርበት ጊዜ ያገኛል።

ለዚህ ማስረጃው እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው «ዶን ኦፍ ዎርልድስ» የተባለው ጨዋታ ነው። ከእኛ ጨዋታ ጋር በጣም ይቀራረባል፤ ተጫዋቾቹ አማልክት ሆነው ካርታ ላይ ዓለም ይሠራሉ። በዚህ ጨዋታ ውስጥ የትኛው አምላክ ስንት ጉልበት እንዳለው የሚናገር አንድም ቁጥር የለም። የሚለካው በየተራው የሚሠራው ሥራ ነው። ሁሉም በየተራው ሁለት ዳይስ ይጥላል፤ የወጣለት ድምር የዚያ ተራ ነጥቡ ነው። ሥራው ሁሉ ዋጋ አለው። መሬት መቅረጽ በመጀመሪያው ዘመን 3 ነጥብ ያስከፍላል፤ በሁለተኛው 5፤ በሦስተኛው 8። ስለዚህ ሰዎች ከሰፈሩበት በኋላ ተራራ ማነቃነቅ ውድ ይሆናል። ነጥቡን ሠርቶ የጨረሰ ተጫዋች፣ ይኸውም 5 ወይም ከዚያ በታች የቀረው፣ ለሚቀጥለው ተራ አንድ ነጥብ ይጨመርለታል፤ ጭማሪውም እያደገ እስከ 3 ይደርሳል። አከማችቶ የተቀመጠ ግን ጭማሪ አያገኝም። ብዙ ተራራ ያለው አንድ ተራራ ካለው በላይ ዳይስ አይጥልም። ይህ ደንብ ምናብን ገደለ ወይ? እንዲያውም መክፈል ያለበት ሰው ምን እንደሚፈልግ ያስባል።

ሚዛን ማለት አንድ ዓይነት መሆን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 ኤሪክ ዉጂክ ያወጣው «አምበር» የተባለው ጨዋታ ዳይስ እንኳ የለውም። ባለታሪኮቹ ከአማልክት የማይተናነሱ ልዑላን ናቸው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች እኩል 100 ነጥብ ይሰጠውና በአራት ችሎታዎች ላይ እንደ ሐራጅ ይጫረታሉ። በጦርነት አንደኛ የወጣ በጦርነት አንደኛ ነው፤ ማንም አይከራከረውም። ነገር ግን ለዚያ የከፈለውን ነጥብ ለሌላው አያገኘውም። ስለዚህ ነጎድጓድ ይጩኽ፤ ጨው ይዝም፤ ማንም ነጎድጓድን ሹክ በል አላለውም።

ሦስተኛው መከራከሪያ፦ «የለፋ ያግኝ፤ ኃይሌን ያገኘሁት ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሬ በመልፋት ነው» የሚል ነው።

ይህ ከአራቱ ሁሉ የበለጠ ፍትሕ የሚመስል፣ ስለዚህም የበለጠ አሳሳች ነው። እርሳስ አንሥተን እንቁጠር። ባለፈው ዙር ደንብ እያንዳንዱ ተጫዋች በየምሽቱ 3 ነጥብ ያገኝ ነበር። መንደር መመሥረት 3 ነጥብ ያስከፍላል። የተመሠረተ መንደር ሁሉ ደግሞ በየምሽቱ 1 ነጥብ ለባለቤቱ ይጨምራል። ደንቡ ሲታይ እኩል ይመስላል። እንግዲህ አንዱ በመጀመሪያው ምሽት፣ ሌላው በአምስተኛው ምሽት ገባ እንበል። ሁለቱም እኩል ጎበዝ ናቸው፤ አንድም ምሽት አይቀሩም፤ ነጥባቸውን ሁሉ መንደር ላይ ያውላሉ።

በአምስተኛው ምሽት የቀደመው 10 ነጥብ በእጁ አለ፤ አዲሱ 3። በሰባተኛው ምሽት የቀደመው 17፣ አዲሱ 6። በዘጠነኛው ምሽት፣ ይኸውም ደሴቲቱ በሰጠመችበት ምሽት፣ የቀደመው 30፣ አዲሱ 10። ልዩነቱ በመጀመሪያ 7 ነበር፤ ከዚያ 11 ሆነ፤ ከዚያ 20። አዲሱ ቢሮጥም፣ ቢተጋም አይደርስበትም፤ በሮጠ ቁጥር ርቀቱ ይጨምራል። እዚህ ውስጥ የማንም ክፋት የለበትም፤ የማንም ስንፍናም የለበትም። ልፋቱ እኩል ነው፤ የተለያየው የገቡበት ቀን ብቻ ነው። እኅታችን ደግሞ ነጥቧን መንደር ማብዛት ላይ ሳይሆን አንዲቷን ደሴት ማስዋብ ላይ ስላዋለች ከዚህም ያነሰ ነበራት። ደንቡ የሸለመው ብዛትን እንጂ ልፋትን አይደለም። ቀድሞ መምጣትን ልፋት ብሎ መጥራት በዚህ ሠፈር ውስጥ ለምንኖር ሰዎች በተለይ ሊያሳፍረን ይገባል፤ ሁላችንም እዚህ የገባነው በተለያየ ቀን ነው።

በዚህ ላይ ከነጥብ ውጭ የሆነ ሌላ ኃይል አለ፤ እሱም ጊዜ ነው። ማን ነው ምሽቱን ሁሉ ካርታው አጠገብ የሚቀመጠው? ጀሪካን የማይጠብቀው፣ ሕፃን የማያስተኛው፣ እንጨት ያልለቀመው ነው። በራሽን ቀን ሰልፍ ላይ የዋለች እናት ማታ ደክማት ብትቀር አማልክቷ ሜዳ ላይ ይቀራሉ። እንዲሁም ደግሞ የአንደበት ኃይል አለ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ጓደኛችን አንድ ዐረፍተ ነገር አስቦ እስኪጨርስ ርቱዕ የሆነው ሦስት ከተማ ያቃጥላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የደብተሩ ኃይል አለ። የተጻፈ ብቻ ነው የሆነ የሚባለው ብለናል። እንግዲያው በዚያ ዓለም ትልቁ አምላክ ነጎድጓድም ጨውም አይደለም፤ እስክሪብቶ የያዘው ነው። ባለፈው ዙር በአሥራ አንዱም ምሽት እስክሪብቶው በአንድ እጅ ነበር። በማን እጅ እንደነበር ራሱ ደብተሩ ይመስክር፤ የእጅ ጽሕፈቱ አንድ ነው።

አራተኛውና የመጨረሻው መከራከሪያ፦ «ዓለም እኩል አይደለችም፤ ተረታችንም እውነቱን ያሳይ» የሚለው ነው።

ተረቱ እውነቱን ያሳይ፤ በዚህ አንጣላም። በተረቱ ውስጥ ንጉሥና ባሪያ ይኑር፣ ኃያልና ደካማ ይኑር። ነገር ግን በተረቱ ውስጥ ያለ አለመተካከልና በተጫዋቾች መካከል ያለ አለመተካከል አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1987 ጆናታን ትዊትና ማርክ ራይን-ሄገን ያወጡት «አርስ ማጂካ» የተባለው ጨዋታ ይህን በግልጽ ለይቶታል። በዚያ ጨዋታ ጠንቋዮቹ ከተራ ሰዎች እጅግ ይበልጣሉ፤ ይህንን ማንም ለማስተካከል አይሞክርም። ነገር ግን ጠንቋይነቱ በተራ ይዞራል። ዛሬ አንዱ ጠንቋዩን ይዞ ሲወጣ ሌሎቹ አጃቢና ሎሌ ሆነው ይጫወታሉ፤ ነገ ደግሞ የሌላው ጠንቋይ ይወጣና ያ የትናንቱ ጌታ ጋሻ ተሸካሚ ይሆናል። ባለታሪኮቹ አይተካከሉም፤ ተጫዋቾቹ ግን ይተካከላሉ።

ይህ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። በገና ጨዋታ ሜዳ ላይ ጌታና ሎሌ እኩል ሩር ይለጋሉ፤ በዚያች ቀን ጌታ በሎሌው ተሸነፍኩ ብሎ አይቆጣም። በገበጣ ሁለቱም ወገን እኩል ጠጠር ይዞ ይጀምራል። በቀድሞው ሰንጠረዣችን ጨዋታው ሲከፈት «ወረራ» የሚባል ነገር ነበር፤ ሁለቱ ወገኖች ተራ ሳይጠባበቁ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። ነገር ግን አንድ ጠጠር እንደተበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ንጉሡም ቢሆን ተራውን ይጠብቃል። ወንድማችን የወረራውን ደስታ ወዶ ከመጀመሪያው ምሽት እስከ አሥራ አንደኛው ወረራ ላይ ቆየ። እኅታችን ደሴቷን ስታጣ ግን ጠጠር ተበልቷል፤ ከዚያች ምሽት ወዲያ ተራ መጠበቅ ነበረበት።

እኩል ያልሆነ ኃይል ምን እንደሚመስል ለማወቅ እኛ ጨዋታ አያስፈልገንም። መቼ እንደምንሄድ፣ የት እንደምንሄድ፣ ስንት ኪሎ እንደምንወስድ ሌላ ሰው ይወስንልናል። ስማችን በሌላ ሰው መዝገብ ይጻፋል፤ ሲሳሳት እንኳ አርሙልን ብለን የምንለምነው እኛ ነን። በሳምንት ሦስት ምሽት ካርቶን ዘርግተን «ተራራ ይሁን» ስንል ተራራ የሚሆንልን በዚህ ሥፍራ ብቻ ነው። ያችን የሦስት ምሽት ሥልጣን ለአንድ ሰው ብንሰበስብለት ሌሎቻችን እዚያም ተሰላፊ ሆንን ማለት ነው።

በአንድ ነገር ላይ ወንድማችን ትክክል መሆኑን እንመስክር። ሚዛን ሲበዛ ጨዋታው ይደርቃል። ሁሉም የሌላውን መሬት ላለመንካት ቢጠነቀቅ ስምንት ሰዎች ስምንት የተለያዩ ተረቶች ይጽፋሉ፤ አንድ ዓለም አይወጣውም። ግጭት ያስፈልጋል። ስለሆነም የምናቀርበው ደንብ ግጭትን የሚከለክል ሳይሆን ዋጋ የሚያወጣለት ነው። ለቅዳሜው ውሳኔ የሚከተሉትን ስድስት ነጥቦች እናቀርባለን።

፩ኛ፦ ለእያንዳንዱ ተጫዋች በየምሽቱ 7 ነጥብ ይሰጠው፤ ምንም ያህል መንደር ቢኖረው አይጨመርለት፤ ባይኖረውም አይቀነስበት። ሁለት ዳይስ ሲጣል በአማካይ የሚወጣው 7 ነው፤ እኛ ግን ያለን አንድ የሉዶ ዳይስ ስለሆነና በአጣጣሉም ስለምንጨቃጨቅ ቁጥሩ ቋሚ ይሁን። ወደ ሚቀጥለው ምሽት ከ3 ነጥብ በላይ አይሻገር።

፪ኛ፦ ሌላ ሰው የሠራውን ማፍረስ ለመሥራት ከወጣው ነጥብ እጥፍ ያስከፍል። በአንድ ሰው ነጥብ ካልተቻለ ተባባሪ ይፈልግ። ሁለት ሆነው የሚሠሩት ማናቸውም ሥራ ደግሞ ዋጋው በ2 ነጥብ ይቀነስ፤ ትልቅ ጥፋትም ትልቅ ልማትም ያለ ተባባሪ እንዳይሆን።

፫ኛ፦ አጥቂው የሚጽፈው ያደረገውን ብቻ ነው፤ የደረሰውን ጉዳት የሚጽፈው ባለቤቱ ነው። ባለነጎድጓዱ «ማዕበል ሰደድኩ» ይበል፤ ማዕበሉ ምን እንዳደረገ ባለጨዋ ትጻፍ። ይሁን እንጂ ባለቤቱ «ምንም አልሆነም» ማለት አይችልም፤ ከወጣበት ነጥብ ጋር የሚመጣጠን ጉዳት መጻፍ አለበት።

፬ኛ፦ የቀረ ሰው መሬት አይነካ። ነጥቡም እስከ ሁለት ምሽት ይጠበቅለት፤ በዚህ ላይ የ3 ነጥቡ ገደብ አይሠራም። አዲስ ገቢ በገባበት ምሽት 14 ነጥብ ይሰጠው።

፭ኛ፦ እያንዳንዱ አምላክ ከመጀመሪያው ማድረግ የማይችለውን አንድ ነገር ያስመዝግብ፤ የማይችለውም ነገር በሌላው አምላክ እጅ ያለ ይሁን። ለምሳሌ ነጎድጓድ ያለ ባሕር ደመና አያገኝም፤ ባሕርም ያለ ጨው ባሕር አይሆንም። ያኔ ሁሉም የሚለምነው ጎረቤት ይኖረዋል።

፮ኛ፦ ደብተሩ በየምሽቱ እጅ ይቀይር። መጻፍ የማይችል ተጫዋች ካለ ራሱ የመረጠው ሰው ይጻፍለት፤ ከመዘጋቱም በፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ።

ስድስቱም በደብተሩ ሽፋን ላይ የሚበቃ ቦታ አላቸውና ደንብ በዛብን የሚል ምክንያት አይሠራም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ወንድማችን ባለፈው ዙር ሃምሳውንም ተሸክሞ ነበር። በመጨረሻው ምሽት በካርታው ላይ ያለው ሁሉ የእሱ ሆኖ፣ የሚያስደነግጠው ሰው አጥቶ፣ ነጎድጓዱን በባዶ ካርቶን ላይ ሲያጓራ ከአጠገቡ የነበሩት ሁለቱ ያዛጉ ነበር። አሸንፏል፤ ነገር ግን ከአሥራ አንዱ ምሽት መካከል ሰው ቆሞ የሚያወራለት የተኛው ወይም የሰጠመው ሕዝብ ነው እንጂ የእሱ ድል አይደለም። እስከ ዛሬ ልጆች በውሃ ቧንቧው አጠገብ በጣት አንጓ መቁጠር የሚጫወቱት ከማን ደሴት ተምረው ነው?

ወንድማችን ይህን ጽሑፍ በጠላትነት እንዳያየው አደራ እንላለን። ብዕሩን እንፈልገዋለን፤ ነጎድጓዱም ያስፈልገናል፤ ያለ እሱ ጨዋታው ሰነፍ ይሆናል። መልስ ካለው ይጻፍ፤ በሚቀጥለው እትም ላይ ይወጣለታል። ከሁሉ በፊት ግን ቅዳሜ ከመግሪብና ከጸሎት በኋላ በተለመደው ሥፍራ እንገናኝና ደንቡን በድምፅ እንወስን። የሚያውቁት ሁሉ ለባለጨዋ እኅታችን ይንገሩልን፤ የውሃ ተራዋ ከሆነ ሁለት ልጆች ጀሪካኗን ሊጠብቁላት ተስማምተዋል።